«ይበሰብሳል» የተባለው ፌስታል በቦያችን ይበሰብሳል ወይ?

(ከጽዳት ኮሚቴው ለጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ «በክረምት ቦያችንን የሚደፍነው ፌስታል ስለሆነ፣ የሚበሰብሰው ዓይነት ከማኅበሩ ገንዘብ ተገዝቶ ለየቤቱ ይታደል» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አጥኑና መልስ አምጡ ብላችሁናል። መልሳችን ይኸውና።

ፕላስቲክ ፖሊመር ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ነው። ፖሊመር ማለት ጥቃቅን ክፍሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩት ነገር ነው። ዳቦ የምንጋግርበት ኮባ እንኳ ሴሉሎስ የሚባል ፖሊመር አለው። ኮባን ብንጥለው አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ሰንሰለቱን በጣጥሰው ይበሉታል። ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ የሚሠራውን ተራ ፌስታል ግን አይደፍሩትም፤ ለብዙ ዓመት እንዳለ ይቀራል።

ታዲያ የሚበሰብሰውስ? አንዱ ዓይነት ፒ.ኤል.ኤ. ይባላል። የበቆሎ ወይም የሸንኮራ አገዳ ስኳር ይቦካል፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው አሲድ ይወጣዋል፤ እሱ ተያይዞ ፕላስቲክ ይሆናል። ጥሩ ሥራ ነው፣ አንክድም። ነገር ግን ቶሎ የሚበሰብሰው እርጥበት ባለውና 60 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የብስባሽ ማዘጋጃ ውስጥ ነው። የኛ ቦይ እኮ ቀዝቃዛ ነው! እዚያ ከተጣለ እንደ ተራው ፌስታል ውሃውን ይዘጋል።

ሌላም አለ። ተራ ፕላስቲክ ላይ ኬሚካል ተጨምሮ «ይበሰብሳል» ተብሎ ይሸጣል። ይሄኛው ተበጣጥሶ ከዓይን ይሰወራል እንጂ ብናኙ አፈር ውስጥ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ይህን ዓይነቱን ከገበያ አግዶታል። በአገራችንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል።

ስለዚህ የማኅበሩ ገንዘብ ፌስታል ላይ አይዋል እንላለን። በዚያው ገንዘብ ለየቤቱ አንድ ዘንቢል ይገዛ፤ ዘንቢል ዓመት ያገለግላል። ልጅ ሱቅ ስትልኩ ዘንቢሉን አስይዙት። የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትራፊም ለብቻው ይጠራቀም፤ እሱ ያለ ጥርጥር ይበሰብሳል፣ ለጓሯችንም ማዳበሪያ ይሆናል።

ሐሳቡን ያቀረቡትን ወንድማችንን ከልብ እናመሰግናለን፤ እሳቸው ባያነሱት ኖሮ እኛም አናጠናውም ነበር። ውሳኔው የናንተ ነው። እስከዚያው ግን እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካፋና ዶማ ይዘን ቦዩ ዳር እንገናኝ።

የጽዳት ኮሚቴው