አባትና ልጅን አብሮ የሚያስቅ ፊልም



መምህራን በተሰበሰቡበት ስለ አንድ የካርቱን ፊልም መናገር ጉባኤውን ማቅለል የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ልጅ፣ አባትና አያት በአንድነት ተቀምጠው በአንድ ጊዜ የሚስቁበት ነገር በዘመናችን ጥቂት ስለ ሆነ፣ ምክንያቱን መመርመር ከሥራችን ውጭ አይደለም። ፊልሙ ድሪምወርክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው «ኩንግ ፉ ፓንዳ» ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው። ፖ የተባለው ወፍራም ፓንዳ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው፣ ሆዱ የሚቀድመው ፍጡር ነው። እንዲህ ያለው ሲወድቅና ሲነሣ አይቶ ለመሣቅ እንግሊዝኛ ማወቅ አያሻም። ኤሊ ሲመክር፣ ጦጣና ነብር ሲነጋገሩም በተረት ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ እንስሳትን አናግሮ ሰውን መምከር የአያቶቻችን ጥበብ ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከሣቁ ጠለቅ ይላል። የፖ አባት ሾርባ ሻጭ ነው፤ ምኞቱም ልጁ ሱቁን እንዲወርስለት ነው። የልጁ ልብ ግን ኩንግ ፉ ላይ ነው። ይህን አባት በወረታ ገበያም ሆነ በፎገራ ሜዳ የማያውቀው ማን ነው? እርሱ የሩዝ ማሳውን ለልጁ ሊያወርስ ያስባል፤ ልጁ ደግሞ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ አሻግሮ ይመለከታል። ፊልሙ ከሁለቱ አንዱንም አያዋርድም። ፖ የተመኘውን የምሥጢር ጥቅልል ሲከፍት፣ የገዛ ፊቱን ከማሳየት በቀር አንዳች ጽሑፍ የሌለበት ሆኖ ያገኘዋል። ትርጉሙ የተገለጠለት ታላቁ መምህር አስረድቶት ሳይሆን፣ አባቱ የዝነኛው ሾርባ ልዩ ቅመም ከቶ እንደሌለ በነገረው ጊዜ ነው። ልጁ ከአባቱ ሙያ ቢወጣም ቁልፉን ያገኘው ከአባቱ ማድቤት ነው። ከዚህ የተነሣ አባትም ልጅም ሳይከፋቸው ከፊልሙ ይነሣሉ።

ሦስተኛው ምክንያት እኛን ይመለከታል። መምህሩ ሺፉ ፖን በመጀመሪያ ሊያባርረው ይጥራል፤ ሌሎችን ያሠለጠነበት ሥልት ለእርሱ አልበጀምና። ኋላ ግን ምግብ ፍለጋ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ መውጣቱን ተመልክቶ፣ ትምህርቱን በምግብ አስጀመረው። ባላጋራው ሰውነቱን ሊያደነዝዝ ነርቮቹን ሲመታም፣ የተሣቀበት ውፍረት ጋሻ ሆነው።

ለፎገራ ሰው ይህ ነገር ተረት ብቻ አይደለም። የርብና የጉማራ ወንዞች እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት ሜዳ፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበትና ለጤፍ የማይመች ነበር። ሩዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከገባ ወዲህ ግን ያው ውሃ ሀብት ሆነ፤ ዛሬም ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በወረታ ነው። መሬቱ አልተለወጠም፤ የሚስማማው ዘር ተገኘለት እንጂ። እንግዲህ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠን «አይሆንም» ያልነውን ተማሪ ዘሩን ፈልገንለታልን?

እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» በቀጭኔ አሻንጉሊት ሕፃናትን በአማርኛ በማስተማሩ፣ ይህ ጥበብ ከእኛም እጅ እንደማይርቅ አሳይቷል። የሜዳችን ተረት በተራው ሥዕል እስኪለብስ ድረስ ግን፣ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው እንዲያዩና ከሣቁ በኋላ እንዲነጋገሩ እንምከር።