የተሰረዘው ውጤት፤ ቤቮ ፍራንሲስና የራዮ ግራንድ ኮሌጅ



በመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ ስለ ቅርጫት ኳስ መናገር ከቦታው የወጣ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ንግግር የሚያነሣው ሰው ታሪክ ከኳሱ ይልቅ በመለኪያና በመዝገብ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ከማኅበሩ አባላት የዕለት ሥራ ብዙም የራቀ አይደለም። ሰውየው ክላረንስ ፍራንሲስ ይባላል፤ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው ግን «ቤቮ» በሚለው ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያገኘው ከአባቱ ሲሆን፣ አባቱ በበኩሉ ያገኘው አልኮል በሌለው አንድ የብቅል መጠጥ ወዳድነቱ ነበር። ቀጥለው የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ በምትገኝ አንዲት ትንሽ መንደር ነው። የመንደሪቱ ስም ሲጻፍ በሜክሲኮ ወሰን ከሚፈሰው ከታላቁ ወንዝ ስም ጋር አንድ ነው፤ የአገሩ ሰው ግን «ራዮ ግራንድ» ብሎ ይጠራታልና እዚህም እንደዚያው ይጠራል። በዚያች መንደር በ1876 የተመሠረተ ኮሌጅ አለ። በ1952 መገባደጃ ላይ የኮሌጁ ተማሪዎች ቁጥር ከመቶ ያነሰ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር 92 ነው። ገንዘብ አልነበረም፤ ዕዳ ግን ነበር። ቡድኑ የሚጫወትበትን አዳራሽ ሰዎቹ ራሳቸው በቀልድ «የአሳማ ጉረኖ» ይሉት ነበር። ይህ ተቋም ሊዘጋ ይችላል ተብሎ በሚፈራበት ሰዓት ኒውት ኦሊቨር የሚባል ወጣት አሰልጣኝ መጣና፣ ቀድሞ በዌልስቪል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሠለጥነው የነበረውን አንድ ረጅም ልጅ ይዞ ገባ።

ልጁ ቤቮ ነበር። በ1932 ሃሞንድስቪል በምትባል የኦሃዮ መንደር የተወለደ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ንግግር የማያበዛ፣ ከጩኸትና ከጭብጨባ ይልቅ ዓሣ ማጥመድና አደን የሚወድ ሰው ነበር። ወደ ኮሌጁ ሲመጣ ባለትዳርና የልጅ አባት ነበር፤ እንዲያውም የጎደሉትን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች ገና እያሟላ ነበር። በዘመኑ እንዲህ ያለ ቁመት ያላቸው ተጫዋቾች አብዛኞቹ ከቅርጫቱ ሥር ቆመው ኳስ የሚጠብቁ ነበሩ። ቤቮ ግን ከሩቅም ሆኖ ለስላሳ ውርወራ ይወረውር ነበርና፣ እሱን ለመከላከል የሚመደበው ተጫዋች ራቅ ቢል ኳሱ ከላዩ ያልፋል፤ ቀረብ ቢል ደግሞ ጥፋት ይሠራል።

በ1952/53 የውድድር ዘመን ራዮ ግራንድ 39 ጨዋታ ተጫውቶ 39ኙንም አሸነፈ። ቤቮ ብቻውን 1,954 ነጥብ አስቆጠረ፤ ሲካፈል በአንድ ጨዋታ 50.1 ይመጣል። ከእነዚህ ጨዋታዎች መካከል ስሙን በአገሩ ሁሉ ያስጠራው የጥር 9 ቀን 1953 ምሽት ነው። በዚያ ምሽት በራሳቸው ጠባብ አዳራሽ አሽላንድ ከሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ጋር ተጋጥመው 150 ለ85 ሲያሸንፉ፣ ቤቮ 116 ነጥብ አገባ። በዚያን ጊዜ የኮሌጅ ጨዋታ በአራት ሩብ የተከፈለ ሲሆን፣ በመጨረሻው ሩብ ብቻ ያገባው 55 ነበር። ይህም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። ከሩቅ የተወረወረ ኳስ ሦስት ነጥብ የሚያስገኝበት ሕግ በኮሌጆች ሁሉ ዘንድ የጸናው በ1986/87 ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ግብ የሚቆጠረው በሁለት በሁለት፣ የቅጣት ውርወራም በአንድ በአንድ ነበር።

የዚህ ዜና መናኘት ያለ ጊዜው የመጣ አልነበረም። በ1951 በታላላቅ ከተሞች ኮሌጆች ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ገንዘብ እየተቀበሉ የጨዋታ ውጤት ያዛቡ እንደነበር ተጋልጦ፣ የአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በኀፍረት ላይ ወድቆ ነበር። ሕዝቡም ከዚያ ቆሻሻ ርቆ በአንድ የገጠር ኮሌጅ የተነሣውን ይህን ዝምተኛ ልጅ በናፍቆት ተቀበለው። ጋዜጠኞች መንገዷን ወደማያውቋት መንደር ጎረፉ። ኦሊቨርም ጋዜጠኛ እንዴት እንደሚጠራ የሚያውቅ ሰው ነበርና ዕድሉን በከንቱ አላሳለፈውም።

ሆኖም ደስታው ዓመት ሳይሞላው መዝገቡ ተነካ። በዚያው በ1953 የአሜሪካ ብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር ይፋዊ መዝገብ የሚይዘው በአራት ዓመት ኮሌጆች መካከል የተደረጉ ጨዋታዎችን ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ራዮ ግራንድ ካደረጋቸው 39 ጨዋታዎች ውስጥ 27ቱ ከሁለት ዓመት ኮሌጆች፣ ከወታደር ቡድኖችና እነዚህን ከመሳሰሉ ተጋጣሚዎች ጋር የተደረጉ ስለነበሩ ተሰረዙ። 12 ብቻ ቀሩ። የቤቮ ነጥብ ከ1,954 ወደ 580 ወረደ። በ12ቱ ጨዋታዎች ያለው አማካይ ሲሰላ 48.3 ይሆናል፤ ከቀድሞው አማካይ በሁለት ነጥብ እንኳ አላነሰም። የጥር 9 ቀኑ 116 ግን ከመዝገቡ ወጣ።

እዚህ ላይ ለማኅበሩ አባላት ግልጽ የሆነ አንድ ልዩነት አለ። ደንቡ በራሱ ስሕተት አልነበረም። ማንኛውም መለኪያ የሚለካውን ነገር መጀመሪያ መወሰን አለበት፤ የተጋጣሚው ደረጃ ካልተወሰነ፣ ነገ አንድ ሌላ ኮሌጅ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተጫውቶ 200 ነጥብ ሊያስመዘግብ ይችላል። የሚያከራክረው ደንቡ ወደ ኋላ መመለሱ ነው። አዲስ የጭነት ደንብ ሲወጣ ቀድሞ የተሠራው ድልድይ በአዲሱ መለኪያ ይመረመራል፤ ደካማ ሆኖ ቢገኝ ይጠገናል፣ ከባድ ተሽከርካሪም ይከለከልበታል። ያ ድልድይ አልተሠራም፣ ሰውም አልተሻገረበትም ብሎ ከካርታ የሚፍቅ መሐንዲስ ግን አይገኝም። ራዮ ግራንድ እነዚያን ጨዋታዎች ሲጫወት የሚከለክለው ደንብ አልነበረም። ሌላ ዓይነት ጨዋታ እንዳይጫወትም አቅም አልነበረውም፤ ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች 92 ተማሪ ካለው ኮሌጅ ጋር ለመጋጠም ቀድሞ የጠየቀ አልነበራቸውም። ውጤቱን በመዝገቡ ትቶ በጎኑ «ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ጋር» የሚል አንድ መስመር መጨመር ይበቃ ነበር።

ለፍትሕ ሲባል የተቃዋሚዎቹም ቃል መነገር ይገባዋል። የአሽላንዱ ተጋጣሚ ደካማ ነበር። ጨዋታው ካለቀለት በኋላ የራዮ ግራንድ ተጫዋቾች ኳሱ ቶሎ ወደ እነሱ እንዲመለስ እያወቁ ጥፋት ይሠሩ እንደነበርና፣ ያገኙትንም ኳስ ሁሉ ለቤቮ ያቀብሉ እንደነበር ይነገራል። ይህ ያማረ ጨዋታ ነው ለማለት ያስቸግራል። የአንድ ሰው ቁጥር እንዲያድግ አራት ሰው ራሱን መተው አለበት፤ የእነዚያን የአራቱን ስም ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቤቮ ራሱ ለዚህ ዓይነቱ ትርኢት የተለየ ፍቅር እንዳልነበረው ኋላ ያደረገው ምርጫ ይመሰክራል።

ኦሊቨር ለስረዛው የሰጠው መልስ በቃል አልነበረም። ለ1953/54 የውድድር ዘመን ከታላላቆቹ ጋር ጨዋታ ያዘ፤ አብዛኛውም ከሜዳ ውጭ፣ በየከተማው ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ነበር። ቡድኑ በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በአደልፊ ተሸነፈ። በፊላደልፊያ በቪላኖቫ የተሸነፈው በጭማሪ ሰዓት፣ 93 ለ92 በሆነ ውጤት ነበር። ፕሮቪደንስን አሸነፈ፤ ዌክ ፎረስትን 67 ለ65 አሸነፈ፤ በትለርንም አሸነፈ። ደካሞችን ብቻ ነው የሚያሸንፉት የተባሉት ልጆች ዘመኑን በ21 ድልና በ7 ሽንፈት ፈጸሙ። ከየአዳራሹ በር የሚሰበሰበው ገንዘብ የኮሌጁን ዕዳ እንዳቃለለና ተቋሙን ከመዘጋት እንዳተረፈ በአካባቢው ሁሉም የሚናገረው ነው። ኮሌጁ ዛሬም አለ፤ በ1989 ዩኒቨርሲቲ ተብሏል።

የካቲት 2 ቀን 1954 ደግሞ በጃክሰን ከተማ፣ ከሂልስዴል ኮሌጅ ጋር ጨዋታ ነበር። ሂልስዴል የአራት ዓመት ኮሌጅ ስለሆነ ደንቡ የሚነካው አልነበረም። ቤቮ ከሜዳ 70 ጊዜ ወርውሮ 38ቱን አገባ፤ ከ42 የቅጣት ውርወራ 37ቱን አገባ። 38 በሁለት ሲባዛ 76፣ 37 ሲጨመር 113። ራዮ ግራንድ 134 ለ91 አሸነፈ። ይህን ቁጥር ማንም ሊሰርዘው አልቻለም። በአሥራ አንደኛው ቀን የፈርማን ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ሰልቪ በኒውበሪ ላይ 100 ነጥብ አገባ፤ እሱ በኋላ በባለሙያዎች ሊግ ለዓመታት ተጫውቶ ስሙ ከትውልድ ትውልድ ተላለፈ። የቤቮ መንገድ ሌላ ነበር።

በ1954 የጸደይ ወራት፣ በጉዞ ብዛት የክፍል ትምህርቱና ፈተናው ስለተጓደለ፣ ቤቮ ከኮሌጁ ጋር ተለያየ። ያንን ጉዞ ያዘጋጀውና ገንዘቡን የተጠቀመበት ኮሌጁ ራሱ መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ከሃርለም ግሎብትሮተርስ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ የተቃራኒው ቡድን አባል ሆኖ ተጫወተ። ባለፈው ዓመት የአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ለእሱ ብቻ ሲጮኽ የነበረ ሰው፣ አሁን ሌሎች ሲያዝናኑ የሚሸነፍ ሆነ ማለት ነው። በ1956 የፊላደልፊያ ዋሪየርስ መረጠውና ውል አቀረበለት። ቤቮ አልቀበልም አለ። መንገድ ሰልችቶት ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹም ቤት ነበሩ።

በሜዳ ያልጨረሰውን ዕድሜ በፋብሪካ ጨረሰው። በፔንሲልቬንያ፣ ሚድላንድ ከተማ በሚገኘው የክሩሲብል ብረታ ብረት ፋብሪካ ፋብሪካው በ1982 እስከተዘጋ ድረስ ለረጅም ዓመታት ሠራ። በምድጃና በብረት መካከል ከእሱ ጋር የሠሩ ሰዎች በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የተጫወተ ሰው ምሳውን በሣጥን ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ ነበር። በስፕሪንግፊልድ ያለው የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ፣ ቤቮ ሰኔ 3 ቀን 2015 በ82 ዓመቱ እስከሞተበት ዕለት ድረስ አላስገባውም።

የረሱት ግን ሁሉም አልነበሩም። ኦሊቨር በ1969 ስለዚያ ዘመን መጽሐፍ አሳተመ፤ በ2005 ደግሞ ሌላ ጸሐፊ የቤቮን ሙሉ ታሪክ ጻፈ። በደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ የቀሩት ወዳጆቹ ያንን ልጅ ሲያነሡ ይፋዊውን 113 ብቻ ጠርተው አያቆሙም፤ የተሰረዘውንም 116 ይጠራሉ። የሚያስገርመው፣ የሰረዘው መዝገብ ራሱ በ1954 የተመዘገበውን ቁጥር ለ58 ዓመታት ከማናቸውም ኮሌጅ ቁጥር በላይ አድርጎ ይዞ መቆየቱ ነው። በኅዳር ወር 2012 የግሪኔል ኮሌጁ ጃክ ቴይለር 138 ነጥብ አገባ። ቴይለር 108 ጊዜ ወርውሮ 52ቱን ሲያገባ፣ ከእነዚህ ውስጥ 27ቱ ባለ ሦስት ነጥብ ነበሩ። ቤቮ በነበረበት ሕግ ቢቆጠር፣ 52 በሁለት 104፣ የቅጣት ውርወራው 7 ተጨምሮ 111 ይሆናል። ይህ ስሌት የቴይለርን ሥራ ለማሳነስ አይደለም፤ ሁለቱ ውጤቶች የተገኙት በሁለት ልዩ ልዩ ደንቦች ስለሆነ ጎን ለጎን መቆም የሚችሉት ደንቦቻቸው አብረው ሲጻፉ ብቻ ነው።

ከሞቱ በኋላ፣ በ2016፣ ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ምድብ ውጭ ባሉት ታናናሽ ኮሌጆች ለሚገኝ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጥ ሽልማት በቤቮ ፍራንሲስ ስም ተቋቋመ። በየዓመቱም ማንም ጋዜጠኛ መንገዱን ከማያውቀው ከአንድ ትንሽ ኮሌጅ አንድ ልጅ ተጠርቶ ይቀበለዋል።