መንግሥት ከመንግሥት ሲሟገት



ዛሬ የማነሣው ስለ ፍርድ ሳይሆን፣ ከፍርድ በፊት ወደ መዝገብ ስለሚገባው የመንግሥት የጽሑፍ ክርክር ነው። ፍርዱን ሁላችንም እናነባለን፤ ክርክሩን ግን ገልጦ የሚያይ ጥቂት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ የተቋቋመው በ2010 በወጣው የዶድ-ፍራንክ ሕግ ነው። ሕጉ የዳይሬክተሩን የሥራ ዘመን 5 ዓመት አድርጎ፣ ፕሬዚዳንቱ ከብቃት ማነስ፣ ከቸልተኝነት ወይም ከብልሹ ምግባር በቀር በሌላ ምክንያት እንዳይሽረው ከለከለ። ክልከላው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይስማማልን?

ፒኤችኤች የተባለ የቤት ብድር ኩባንያ ይህን ጥያቄ ይዞ በዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሲሟገት፣ የፍትሕ ሚኒስቴር በዲሴምበር 2016 የቢሮውን ጥያቄ ደግፎ ጉዳዩ በሙሉ ችሎት እንደገና ይታይ አለ። በማርች 2017፣ ፕሬዚዳንቱ ከተለወጡ በኋላ፣ ያው ሚኒስቴር ክልከላው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ጻፈ። በመካከሉ 3 ወር አልሞላም። ቢሮው ግን በራሱ ጠበቆች መከራከሩን ቀጠለ፤ መንግሥት በአንድ መዝገብ ከራሱ ጋር ተሟገተ ማለት ነው።

የሴይላ ሎው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ቢሮው በ2017 ለባለዕዳዎች አገልግሎት የሚሰጥን አንድ የካሊፎርኒያ የሕግ ድርጅት ሰነድ እንዲያቀርብ አዘዘ፤ ድርጅቱ እምቢ አለ። ቢሮው በሁለት ፍርድ ቤቶች ረታ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን፣ በ2019፣ ቢሮው ራሱ ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር አብሮ ክልከላው ሕገ መንግሥታዊ አይደለም አለ። ሁለቱም ወገኖች በዚህ ነጥብ ስለተስማሙ ሕጉ ጠበቃ አጣ። ፍርድ ቤቱ ፖል ክሌመንትን የፍርድ ቤት ወዳጅ አድርጎ ሾመ፤ የተወካዮች ምክር ቤትም በጠበቃው በኩል ተከራከረ። በጁን 29 ቀን 2020 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ክልከላውን ሻረ፤ ቢሮውን ግን አቆየ።

ይህን የአቋም ለውጥ ተራ ፖለቲካ ነው የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ጉዳዩ ከዚያ ይከብዳል። ቢሮው የተቋቋመለት ባለዕዳ በዚህ ክርክር ተከራካሪ አልነበረም፤ ለእርሱ የወጣውን ሕግ በችሎት ፊት የሚያቆመው የመንግሥት ጽሑፍ ነበር። መንግሥት ሲተወው ክፍተቱን የሞላው የዳኞች በጎ ፈቃድ ነው፤ ጠበቃ እንዲሾሙ የሚያስገድዳቸው ሕግ አልነበረምና።

አሁን ወደ ሁለቱ የፒኤችኤች ጽሑፎች እንለፍ። ጎን ለጎን ስናነባቸው ቀኑንና ፈራሚውን ልብ በሉልኝ።