ዳጣ በቤት፣ ዋሽንት በእጅ

አቅራቢት፦ ሶዶ ላይ ጥሬ ሥጋ ያለ ዳጣ አይጥምም። ግን ስንቶቻችን ቤት እናዘጋጀዋለን?

አቅራቢ፦ እስቲ አሠራሩን ንገሪን፣ እህቴ።

አቅራቢት፦ እርጥብ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከድንብላል ጋር ይፈጫል። ጨው ገብቶበት ተከድኖ ይቆያል። ከአትክልቱ ጋር የመጡት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ ኮምጠጥ የሚለው ለዚህ ነው። ይህ የእናቶቻችን ሙያ ነው፤ ልጆቻችን ሳይማሩት ሲቀሩ በጣም ያሳዝነኛል።

አቅራቢ፦ ዋሽንትም እንደዚሁ ነው። ደረቅ ሸምበቆ በጋለ ብረት አራት ቦታ ይበሳል። ቁመቱ ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል።

አቅራቢት፦ ቅኝቱስ እንዴት ይስተካከላል?

አቅራቢ፦ በጆሮ! ቀዳዳው ሲሰፋ ድምፁ ከፍ ይላል። ስለዚህ አጥብበሽ ትበሺና እየነፋሽ፣ እያዳመጥሽ ታሰፊዋለሽ። ከልክ በላይ ከሰፋ ሌላ ሸምበቆ መቁረጥ ነው።