ፖስታው ሳይከፈት አይደር
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ገንዘብ አያያዝ እንድናገር ስትጠይቀኝ፣ ስለ ቁጠባና ስለ ዕቁብ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው የመኪና ማቆሚያ ወረቀት ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ደረሰኝ በየፋይሉ አስቀምጬ የምኖር ሰው ነኝ። እንዲያም ሆኖ በዚህ ወረቀት ጉዳይ ለአንዲት እናታችን የተሳሳተ ምክር ሰጥቼ ገንዘባቸውን አስወጥቻለሁ። ታሪኩን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

እኚህ እናታችን እዚሁ ግላስጎው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በሌሊት ፈረቃ ይሠራሉ። ጠዋት ሲወጡ ከሱቆች አጠገብ ባለ የግል ማቆሚያ መኪናቸውን አቁመው አስቤዛ ይገዛሉ። አንዳንዴ ድካም ያሸንፋቸውና መኪናው ውስጥ ያሸልባሉ። የተፈቀደው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ቀን መኪናቸው ስትገባና ስትወጣ ካሜራ ያነሳት ፎቶ ያለበት ደብዳቤ መጣላቸው። 100 ፓውንድ ይክፈሉ፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈሉ 60 ይበቃል ይላል።

ቡና ላይ አሳዩኝና «ልጄ፣ ምን ባደርግ ይሻላል?» አሉኝ። እኔም በወጉ ሳላነበው «እትዬ፣ ይጣሉት። ስኮትላንድ ውስጥ የግል ድርጅት ቅጣት አይሠራም» አልኳቸው። ይህን ከማን እንደሰማሁት እንኳ አላስታውስም። ሁሉም ሰው የሚለው ነገር ነበር።

እሳቸውም አምነውኝ እዚያው ቦታ ማቆማቸውን ቀጠሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወረቀቱ አምስት ደረሰ። ከዚያ ዕዳ ሰብሳቢ ነን የሚሉ ደብዳቤዎች መጡ፤ በእያንዳንዱ ላይ 70 ፓውንድ ተጨምሮ ጠቅላላው 850 ሆነ። እሳቸው ግን ፖስታዎቹን ሳይከፍቱ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይከቷቸው ነበር። በመጨረሻ ከሸሪፍ ፍርድ ቤት ወረቀት መጣ። ፖሊስ ሊመጣ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ነው ብለው ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አላዩም። ለልጆቻቸውም አልተናገሩም። በአራተኛው ቀን ደወሉልኝ። ሄጄ መሳቢያውን ስከፍት አፈርኩ። ለፍርድ ቤቱ መልስ መስጫው ሊያልፍ ስድስት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር።

በእነዚያ ስድስት ቀናት ውስጥ መጀመሪያ ማወቅ የነበረብኝን ተማርኩ። ለእናንተም በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ወረቀቱ ከማን እንደመጣ እዩ። «ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ» የሚለው የከተማው ምክር ቤት ቅጣት ነው። «ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ» የሚለው የግል ድርጅት የሚልከው ነው። ሁለቱም በአጭሩ ፒሲኤን ስለሚባሉ ሰው ይምታታበታል። የምክር ቤቱ ቅጣት በሕግ የተደነገገ ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ሲከፈል በግማሽ ይቀንሳል፤ ዝም ሲባል ደግሞ በግማሽ ይጨምራል። ተጠያቂውም ባለመኪናው ነው። ይህን በፍጹም ችላ አትበሉ።

የግል ድርጅት ግን የመቅጣት ሥልጣን የለውም። እሱ የሚለው፣ «ማቆሚያው ላይ ደንቤን በሰሌዳ ለጥፌያለሁ፤ ያን አይተሽ ስታቆሚ ተዋውለናል፤ ውሉን አፍርሰሻልና ክፈዪ» ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የገንዘብ ክርክር እንጂ ወንጀል አይደለም። ፖሊስ አይመጣም፤ በወንጀል መዝገብም አይገባም። ጎማችሁን በብረት ቆልፎ «ካልከፈላችሁ አልፈታም» ማለትማ፣ የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 ራሱ ወንጀል ነው ብሎታል።

ሁለተኛ፣ ተጠያቂው ማን እንደሆነ እወቁ። ሰው «ስኮትላንድ ውስጥ አይሠራም» የሚለው ከዚህ የመጣ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሕግ መሠረት፣ የነዳው ሰው ካልታወቀ መኪናው በስሟ የተመዘገበው ልትጠየቅ ትችላለች። ያ ድንጋጌ ስኮትላንድን አይመለከትም። እዚህ ውል ገባ የሚባለው የነዳው ሰው ስለሆነ፣ ድርጅቱ ማን እንደነዳ ማስረዳት ይኖርበታል። ነገር ግን የስኮትላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የትራንስፖርት ሕግ ውስጥ ይህን የሚለውጥ ክፍል አለ። እሱ ሥራ ላይ ሲውል ነገሩ ስለሚለወጥ፣ የዛሬውን ቃሌን ይዛችሁ ለዘለዓለም አትኑሩ። በየጊዜው ሲቲዝንስ አድቫይስ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ በነጻ ነው።

እንግዲህ የተባለው ግማሽ እውነት ነበር። ግማሽ እውነት ደግሞ ያዘናጋል። ራሷ ነድታ፣ ራሷ አቁማ የሄደች ሰው በውሉ ትጠየቃለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ደንዲ ከተማ አንዲት ሴት ክፍያው ሕጋዊ አይደለም ብላ ከ200 በላይ ወረቀት ሳትከፍል ቀርታ፣ የሸሪፍ ፍርድ ቤቱ 24,500 ፓውንድ እንድትከፍል ወስኖባታል። እዚሁ ስኮትላንድ ውስጥ ነው ይህ የሆነው።

ሦስተኛ፣ ቅሬታ ካላችሁ በቀነ ገደቡ ውስጥ በጽሑፍ አቅርቡ። ሰሌዳው አይታይም ነበር? ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር? ከፍላችሁ የታርጋ ቁጥር ተሳስታችሁ ነው የጻፋችሁት? ያለፋችሁት ጥቂት ደቂቃ ነው? የድርጅቶቹ የሥራ ደንብ ሰዓት ካለፈ በኋላ 10 ደቂቃ መታገስ አለባቸው ይላል። ሰሌዳውን ፎቶ አንሱ፤ የሱቁን ደረሰኝ አያይዙ። የሱቁን ሥራ አስኪያጅም አነጋግሩ፤ ደንበኛቸው መሆናችሁን ሲያዩ አንዳንዴ እነሱ ራሳቸው ያሰርዙታል። ድርጅቱ ቅሬታውን ካልተቀበለ፣ በመልሱ ላይ ቀጥሎ ለማን ይግባኝ እንደሚባል ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ውሸት ግን አትጻፉ። ያልነዳ ሰው ነዳ ብላችሁ ስም አትስጡ።

አራተኛ፣ ዕዳ ሰብሳቢና ፍርድ ቤት አንድ አይደሉም። ዕዳ ሰብሳቢው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ይደውላል፤ ቤት የመግባትም ሆነ ዕቃ የመውሰድ ሥልጣን ግን የለውም። ያ ሥልጣን ያላቸው የሸሪፍ መኮንኖች ናቸው፤ እነሱም የሚንቀሳቀሱት ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን አስቀድመው የ14 ቀን የመክፈያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ። ከቤት ውስጥ ዕቃ ለመውሰድ ደግሞ ሌላ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል።

የሸሪፍ ፍርድ ቤት ወረቀት ሲመጣ ግን በዚያው ዕለት ተነሡ። እስከ 5,000 ፓውንድ ያለ ክርክር «ሲምፕል ፕሮሲጀር» በሚባል ቀለል ያለ ሥርዓት ይታያል። ወረቀቱ ላይ የመልስ መስጫው የመጨረሻ ቀን አለ። ያ ቀን ካለፈ ፍርድ ቤቱ እናንተን ሳይሰማ ሊወስን ይችላል። መከራከር ትችላላችሁ፤ ዕዳውን አምናችሁ በየወሩ ልክፈል ብላችሁ መጠየቅም ትችላላችሁ።

አምስተኛ፣ ቤት ስትቀይሩ አድራሻችሁን ለዲቪኤልኤ አሳውቁ። ደብዳቤው የሚሄደው እነሱ ዘንድ ወዳለው አድራሻ ነው። አዲሷ ተከራይ ፖስታችሁን ስትጥለው ቀነ ገደቡ አይቆምም።

ወደ እናታችን ልመለስ። የፈረቃ ሰሌዳቸውን አውጥተን ከአምስቱ ቀናት ጋር አንድ በአንድ አስተያየነው። በሁለቱ ቀናት እሳቸው ሥራ ላይ ነበሩ፤ መኪናውን የያዘው ወንድማቸው ነበር። በሦስቱ ግን ነድተዋል። እንዳለ ጻፍነው። በሁለቱ ቀናት አለመንዳታቸውን ከሰሌዳው ጋር፣ ለሦስቱ ደግሞ ያለ ጭማሪ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸን ለፍርድ ቤቱም ለድርጅቱም ላክን። ድርጅቱ ሁለቱን ተወ፤ በሦስቱ በ300 ፓውንድ ተስማምተን ጉዳዩ ተዘጋ።

ያን 300 ፓውንድ በአንድ ጊዜ የከፈለላቸው የማኅበራችን የችግር ጊዜ ሣጥን ነው። እሳቸውም በየወሩ 50 እየመለሱ በዚህ ወር ጨርሰዋል። ደጋፊዎቻችን፣ ገንዘባችሁ የት እንደሚውል ለምትጠይቁ፣ አንዱ መልስ ይኸው። ገንዘቡ ዛሬ ሣጥኑ ውስጥ ተመልሶ አለ።

ሂሳቡን ስሠራው እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት አንብቤላቸው፣ ከፍለው ሁለተኛ እዚያ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆዩ ኖሮ 60 ፓውንድ ነበር። የከፈሉት 300 ነው። ልዩነቱ 240 ፓውንድ የእኔ አፍ ዋጋ ነው። «እትዬ፣ ይህን እኔ ልክፈል» ብላቸው እምቢ አሉኝ። «አንቺ ለሌሎቹ ንገሪልኝ፤ እሱ ይበቃኛል» አሉኝ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚህ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ፖስታ ሳይከፈት አይደር። ክፈቱት፤ የደረሰበትን ቀን ጻፉበት፤ የመልስ መስጫውን ቀን አስምሩበት። እንግሊዝኛው ከከበደ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከስብሰባው በፊት አንድ ሰዓት ቀድሜ እመጣለሁ። መሳቢያችሁ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይዛችሁ ኑ። እኔም እንደ ድሮው በአፌ አልመክርም፤ አብረን እናነባለን።