የአውራ ዶሮው ራስና የሐይቁ ተማሪ

እናቶችና አባቶች፣ በማታው ትምህርት የምትደክሙ ሁሉ። ደብተራችሁን ለጥቂት ጊዜ አስቀምጡና ስሙኝ።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ አምባሰል ነው። በሐይቁ ውኃ ዳር የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ቀድሞ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል።

በዚህ ገዳም ተምሯል ስለሚባለው ስለ ይኩኖ አምላክ አንድ የቆየ ተረት አለ። አንድ አውራ ዶሮ፣ ራሱን የበላ ሰው እንደሚነግሥ እየተናገረ ይጮኽ ነበር አሉ። ዶሮው ታረደ። ወጥ ሠሪዋ ምን ታውቃለች? ራሱን ወርውራ ጣለችው። ልጁ አንሥቶ በላው። ነገሠም!

ጥሩ ተረት ነው፤ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ግን ተረቱ መምህሩን ረስቷል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በሐይቅ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። ይኩኖ አምላክ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1270 የነገሠው ተዋግቶ፣ የዛጉዌን ንጉሥ ድል አድርጎ ነው። በኋላም ጳጳስ እንዲመጣለት ለግብጹ ሱልጣን ለባይባርስ ደብዳቤ ላከ። ጳጳሱ አልመጣም። የዶሮ ራስ ለዚህ አልጠቀመም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዶሮውን ራስ የሚፈልግ ተማሪ ዛሬም አይጠፋም። ፊደል አልያዝልህ ሲለው፣ «አብሾ ብጠጣ አእምሮዬ ይከፈት ነበር» ይላል። አብሾ የሚሉት ከምን ይሠራል? ከአስተናግር ነው። አስተናግርን ታውቁታላችሁ፤ በየአጥሩ ሥርና በየጥራጊው ላይ ይበቅላል፤ ፍሬው እሾሃም ነው። በውስጡ መርዝ አለ። አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ልብን ያስሮጣል፣ የሌለ ነገር ያሳያል። ይገድላልም። የጠጣው ሰው ብቻውን ሲለፈልፍ አይተው «ተገለጠለት» የሚሉ አሉ። ምኑ ይገለጥለታል! ታሟል እንጂ። ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጠበል ቢፈልግ ከዳነ በኋላ ይሄዳል።

ፊደል ያልያዘልህ ወንድሜ፣ ያልያዘልሽ እኅቴ፣ ቀን ስታርሱና ስትፈጩ ውላችሁ ማታ መብራት ሥር ብታንቀላፉ ምን ይገርማል? ያቺኑ ገጽ ነገ ድገሟት።

ከዚያ ዶሮ የተረፈ አጥንት የለም። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል ግን እስከ ዘመናችን ደርሷል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1280 ወይም በ1281 በብራና ላይ የተጻፈ ነው። የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም ሠፍሮበታል። ቋንቋው ግዕዝ ነው፤ ትርጉሙ ላይገባችሁ ይችላል። ፊደሉ ግን ትናንት ማታ በጠመኔ የጻፋችሁት «ለ» እና «መ» ነው። ገጹ ቢገለጥላችሁ ጣታችሁን እያስከተላችሁ ድምፁን ታወጡታላችሁ።