ጓዳችንን ደጅ ስናወጣ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሌላ ጊዜ እዚህ ቆመን የምናነብላችሁ የገቢና የወጪ ሒሳብ ነበር። የዘንድሮው በወረቀት ታድሏችኋል። ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ቆጠራ ነው፤ ስለ ቤታችን ዕቃ።

ገሳይ ደጋ ነው። ክረምት ሲገባ የጉና ጉምና ዝናብ ያለንን ሁሉ ወደ ቤት ያስገባናል። ማገዶው፣ ኩበቱ፣ የዘር ድንቹ፣ የገብሱ ጆንያ፣ ቀንበሩ፣ ሁሉም ይገባል። ክረምቱ ሲወጣ ግን አብሮት የሚወጣ የለም። «ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይጠቅማል» እንላለን። ለእንቁጣጣሽ ቤት አጸዳን የምንለውም፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ የሣሎኑን ዕቃ ወደ ጓዳ ማሸሽ ነው። እንግዳ የሚቀመጥበት ይለቀለቃል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ጓዳው ላይ መጋረጃ ይወርዳል።

ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ፣ ፀሐይ ሲጠነክር፣ ሰባት ሴቶች ሆነን ወንፈል ገባን። ለአጨዳ የምንገባውን ወንፈል ለጓዳ አደረግነው፤ በሳምንት አንድ ቀን የአንዷን ቤት። መጀመሪያ ማንም አልፈቀደም። ጓዳ ገመና ነው፤ ጎረቤት ገብቶ ጆንያ ሲፈታ ያላትም የሌላትም ይታያል። ስለዚህ ሒሳብ ከምንይዘው ቤት ተጀመረ። የማኅበሩን ሰነድ በፋይል የምናስቀምጥ ሰዎች የራሳችንን ደረሰኝ በዱቄት ወተት ጣሳ አጭቀን፣ ከሽሮው ጎን ደርድረን ተገኘን። አራት ወንፊት ነበረን፤ ሦስቱ የተቀደዱ። እናቶች ሳቁብን። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ቤቶች ተከፈቱ።

አሠራራችን ቀላል ነው። ምንም ሳይመረጥ ሁሉም ዕቃ ደጅ ይወጣል፤ ሸራ ላይ ይዘረጋል። ዕቃ ጨለማ ውስጥ እያለ ስለ እሱ መወሰን አይቻልም፤ አንዲቱ አባላችን የለኝም ብላ ሁለተኛ የገዛችው መጥረቢያ የተገኘው ከቆጥ ላይ ነው። ከዚያ የሚሠራው ለብቻ፣ የሚጠገነው ለብቻ ይሆናል። ለሚጠገነው ቀን እንቆርጥለታለን፤ እስከ ጥቅምት 30 ካልተጠገነ ለቆራሌው ወይም ለልዋጭ ይሰጣል።

ማሪ ኮንዶ የምትባል ጃፓናዊት በዚህ ነገር በዓለም ታውቃለች። ዕቃውን በእጅሽ ያዢው፣ ደስታ ካልሰጠሽ አሰናብቺው ትላለች። ልጆቻችን ከስልክ አይተው ሲነግሩን አንዲት እናታችን ባዶ ጆንያ አንስተው «ይሄ እንኳ ደስታ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ግን በመኸር ምን ልይዝበት ነው?» አሉ። እኛ ዘንድ መለኪያው ሌላ ነው፦ ባለፈው ዓመት ነክተነዋል ወይ?

የባሎቻችንን ዕቃ ግን እነሱ በሌሉበት አንጥልም። አንድ ቤት የተሰበረ ሞፈር ለማገዶ ብለን ፈልጠን ትልቅ ጠብ ሆነ። ለእኛ እንጨት፣ ለእሱ መለዋወጫ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሽማግሌ ልከን ይቅርታ ጠይቀናል።

ደጅ ከወጣው ሁሉ ያስደነገጠን የመድኃኒቱ ነገር ነው። የፀረ ተባይ ጠርሙስ ታጥቦ ዘይት ተቀድቶበት አገኘን። የነቀዝ ክኒን ልጆች ከሚተኙበት መደብ ሥር አገኘን፤ ይህ ክኒን እርጥበት ሲነካው ሰው የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ሰው የሚያድርበት ቤት ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም። ባዶው ጠርሙስም ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም፤ ማንም እንዳይጠቀምበት በስተን አስወገድነው።

የድንቹም ቦታ ተለወጠ። የዘሩንና የሚበላውን አንድ ጥግ እናከማች ነበር። ዘሩ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይነካው ግን ብርሃንና አየር የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋል፤ በስሱ ቆጥ ላይ ሲዘረጋ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። የሚበላው ደግሞ ጨለማ ይወዳል። ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ይመራል፣ ይመርዛልም። ዓመቱን ሙሉ ቦታቸውን አቀያይረን ኖረናል ማለት ነው።

አምስተኛው ቤት ባሏ ያረፈባት እህታችን ቤት ነበር። የመሬት ይዞታ ደብተሯ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ መሬት ሲመዘገብ ለባለትዳሮች የተሰጠው ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ የያዘ ነው። እሷ ግን የምታሳየው አልነበራትም፤ የባሏ ወንድሞች ደግሞ «የአባታችን መሬት» ማለት ጀምረዋል። ከሰዓት በኋላ አንድ የምስር አቁማዳ ስናራግፍ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ወደቀ። ሟቹ ከሌባ ብሎ የደበቀው ነው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ፎቶግራፏ ግን አለ፤ ነጠላ ለብሳ፣ በጣም ልጅ ሆና። እህታችን ደብተሩን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኛም ሥራውን ትተን አብረናት ተቀመጥን። የዚያን ዕለት ቤቱ ሳይጠራ መሸ።

ከዚያ ወዲህ በሰባቱም ቤቶች አንድ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ሳጥን አለ። የይዞታ ደብተር፣ የቁጠባ ደብተር፣ የልጆች የክትባት ካርድና የትምህርት ማስረጃ ከዚያ አይወጣም። የት እንዳለ ባልም ሚስትም ትልቋ ልጅም ያውቃሉ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር በፍቅር እንንገራችሁ። የምትልኩልን ልብስ ብዙ ጊዜ ከብርድ አውጥቶናል። ነገር ግን በማኅበሩ መጋዘን ሁለት ጆንያ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ተቀምጧል፤ በገሳይ ጭቃ ማን ይሄድበታል? ከእናንተ ቤት የተራገፈው እኛ ጓዳ እንዳይከማች፣ ዘንድሮ የሳጥን መሥሪያ ቆርቆሮና የቆጥ ጣውላ ብትረዱን እንመርጣለን።

የሚቀጥለው ወንፈል ከመስቀል በኋላ ይጀምራል። እስካሁን አሥራ አንድ ስም ተመዝግቧል። መዝገቡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስትወጡ ፈርሙ። እስክሪብቶውን ግን መልሱልን።